የተራው ሮማዊ ማዕድ

ስለ ጥንታዊት ሮም ምግብ ሲነሣ ቀድሞ የሚወሳው የባለጸጎች ግብዣ ነው፤ እኔ ግን በከተማይቱ ባለ ብዙ ፎቅ የኪራይ ቤቶች ተጨናንቆ ይኖር የነበረው ሕዝብ ምን በልቶ ያድር እንደነበር ማወቁ ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የዚህ ሕዝብ ዋና ቀለብ እህል ነበር። በቀደመው ዘመን እህሉ እየተሸከሸከና እየተቀቀለ በገንፎ መልክ ይበላ ነበር፤ ኋላ ግን ዳቦ ቦታውን እየወሰደ ሄደ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ123 ዓመት የሕዝብ እንደራሴው ጋይዩስ ግራኩስ ባወጣው ሕግ መንግሥት ለዜጎች ስንዴ በቅናሽ ዋጋ መሸጥ ጀመረ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ዓመት ደግሞ በሌላው የሕዝብ እንደራሴ በክሎዲየስ ሕግ እደላው ያለ ክፍያ ሆነ። የወር ድርሻው 5 ሞዲየስ፣ በዛሬው መለኪያ 33 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ተቀባዮቹ ወንዶች ዜጎች ብቻ ስለነበሩ፣ ለአንድ ሰው የሚተርፈው ይህ ድርሻ ሚስትና ልጆች ላሉት አባወራ አይበቃም ነበር።

ስንዴው ቢገኝም ጣጣው አላለቀም። አብዛኞቹ የኪራይ ክፍሎች ማድ ቤት ስላልነበራቸው ድሃው የዳቦ ጋጋሪ ጥገኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በቀበራት በፖምፔይ ከተማ የተገኙት ዳቦ ቤቶች ሥራውን ቁልጭ አድርገው ያሳዩናል፤ አህዮች ያዞሯቸው የነበሩት ትላልቅ የድንጋይ ወፍጮዎች ከምድጃው አጠገብ እንደቆሙ ናቸው፤ በአንደኛው ምድጃም ወደ ከሰልነት የተለወጡ 81 ዳቦዎች ተገኝተዋል። ክብ የሆኑት እነዚህ ዳቦዎች በቀላሉ እንዲቆረሱ ላያቸው በስምንት ተከፍሎ ተሰምሯል።

ማባያው ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ አይብና የወይራ ፍሬ ሲሆን፣ ሥጋ ለድሃው ብርቅ ነበር። ጣዕም የሚሰጠው ጋሩም ነው፤ ይህም ዓሣ ከነሆድ ዕቃው ከጨው ጋር ተደባልቆ በፀሐይ ሲብላላ የሚወጣው ፈሳሽ ነው። ወይን ጠጅ በውኃ ተበርዞ ይጠጣል፤ ወታደርና ባሪያ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠጡት ፖስካ የተባለውን የኮምጣጤና የውኃ ድብልቅ ነበር።

ትኩስ ምግብ የፈለገ ወደ መንገድ ዳር መሸታ ቤቶች ይሄዳል። ነገሥታቱ እነዚህን ቤቶች በጥርጣሬ ያዩ ስለነበር፣ ቀላውዴዎስ የተቀቀለ ሥጋና ሙቅ ውኃ እንዳይሸጥ፣ ኔሮን ደግሞ ከጥራጥሬና ከአትክልት በቀር የበሰለ ምግብ እንዳይቀርብ ከለከሉ። ማድ ቤት በሌለው ሕዝብ ላይ የወጣ በመሆኑ ክልከላውን ጨካኝ እለዋለሁ፤ ከኔሮን በኋላ ቬስፓስያንም ተመሳሳይ ትእዛዝ ማውጣቱ ግን ሕጉ እምብዛም እንዳልተከበረ ይጠቁማል።