የልጅነት ትዝታን በቁንጽል መጻፍ

ልጅነቴን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ ታሪክ አድርጌ ልጽፈው በሞከርሁ ቁጥር ብዕሬ ከ2 ገጽ አያልፍም ነበር። ትዝታ በተፈጥሮው ቁርጥራጭ ነውና፤ አብዛኛው ሰው 3 ዓመት ሳይሞላው የሆነውን ጨርሶ አያስታውስም፣ ከዚያ ወዲህ ያለውም ቢሆን ተያይዞ የሚመጣ ሳይሆን እዚህም እዚያም ብልጭ የሚል ነው። ስለዚህ አሁን የምጽፈው አንዲትን ቅጽበት ብቻ ነው።

ለምሳሌ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን የሚሰቅልበት ሚስማር አለ። እጄ ሚስማሩ ላይ ስለማይደርስ የኮቱን ጫፍ ይዤ ፊቴን ውስጡ እደብቅ ነበር፤ ገበሩ ቀዝቃዛና ልስልስ ነበር፣ ከግራ ኪሱ በታች ደግሞ ቀለሙ በማይመሳሰል ክር የተሰፋች ቀዳዳ ነበረች። አባቴ ይወደኝ ነበር ብዬ ግን አልጽፍም፤ ኮቱ ይበቃል።

እህቴ ሚስማሩ ከበሩ በስተቀኝ ነበር ትላለች፣ እኔ ግን በስተግራ ነው የማየው። ትዝታ በታወሰ ቁጥር በጥቂቱ ሊለወጥ የሚችል ነገር ስለሆነ ቃሏን ሳልከራከር ከእኔው ጎን አሰፍረዋለሁ። ዛሬ ማታ የዚያን በር መቀርቀሪያ ድምፅ እጽፋለሁ።