ብርዱ ከመሬት ነው የሚመጣው (ሰሜን ተራሮች ለምትወጡ)

ሰሞኑን ሶስት ጓደኞቼ በጥቅምት ሰሜን ተራሮች ልንወጣ ነው፣ ድንኳን አግኝተናል፣ ሌላ ምን እንያዝ ብለው ደውለውልኝ አንድ ሰአት ሙሉ ስልክ ላይ አወራን። ስዘጋው ይሄን ነገር ለምን አልጽፈውም አልኩ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ስለሚደርበው ነገር ነው፣ ስለሚያነጥፈው የጠየቀኝ እስካሁን አንድም የለም፤ እኔም መጀመሪያ ስሄድ አልጠየቅኩም።

2011 ዓ.ም ኅዳር ላይ ነበር። አዲስ አበባ ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ተገብቶ የሚተኛበት ወፍራም ከረጢት) ተከራየሁ፣ ያከራየኝ ሰው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ይችላል አለኝ፣ እኔም አምኜ ሌላ ምንም ሳልይዝ ሄድኩ። ሁለተኛው ሌሊት ግጭ ካምፕ ነው ያደርነው፣ 3,600 ሜትር ላይ። ፀሐይዋ እንደገባች ሳሩ ላይ ነጭ አመዳይ መውረድ ጀመረ። ያለኝን ልብስ በሙሉ ደራርቤ ገባሁ፣ ከላይ ምንም አልበረደኝም፣ ዳሌዬና ትከሻዬ ግን በረዶ ላይ የተኛሁ ያህል ነበር፣ በአንድ ጎን ስተኛ ያ ጎን ይደነዝዛል፣ እገለበጣለሁ፣ ደሞ ሌላው። ከሌሊቱ 9 ሰአት ሲሆን አልቻልኩም፣ ወጥቼ ስካውታችን (አብረውን የሚሄዱት የፓርኩ ጠባቂ) ወዳሉበት ሄድኩ። ጋሼ ከእሳቱ አጠገብ አንድ አጎዛ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኝተዋል። ኮቴዬን ሰምተው ቀና አሉና ምን ሆንክ አሉኝ፣ ብርድ አላስተኛ አለኝ አልኳቸው። "ከስርህ ምን አነጠፍክ?" አሉ። ምንም። "ልጄ ብርዱ እኮ ከመሬት ነው የሚመጣው፣ ስር ሳታነጥፍ ምን ብትደርብ" ብለው ሌላ ትንሽ አጎዛ ከጆንያ ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ። ከዳሌዬ እስከ ትከሻዬ ብቻ ነበር የምትበቃው፣ እሷ ላይ ተኝቼ እስኪነጋ አልነቃሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ስሊፒንግ ባጉ የሚያሞቀው ውስጡ በያዘው አየር ነው፣ ከስራችሁ ያለውን ግን በክብደታችሁ ስለምትጫኑት አየሩ ይወጣና ስስ ጨርቅ ብቻ ይቀራል፣ በዛ በኩል መሬቱ ሙቀታችሁን ሲስብ ያድራል። አጎዛው ጸጉሩ ስለማይጨፈለቅ አየሩን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ብር ካጠራችሁ ከስሊፒንግ ባጉ ቀንሳችሁ ምንጣፉ ላይ አውሉት። የሚጠቀለለው የስፖንጅ ምንጣፍ ጥሩ ነው፣ የዮጋዋ ብቻዋን ቀጭን ናት ግን ሁለት ከሆነች ትሰራለች፣ ከስሯ ካርቶን ካደረጋችሁ ደሞ በጣም ይለያል። አጎዛ ካገኛችሁ ግን ምንም አትፈልጉም፣ ከባድ ነው እንዳትሉኝ፣ እቃውን የሚሸከመው በቅሎ ነው።

ልብስ ላይ ጥጥ ተጠንቀቁ። ቲሸርት ዳገት ላይ ላብ ይጠጣል ከዛ ቆም ስትሉ ነፋሱ ሲመታችሁ ጀርባችሁ ላይ ይቀዘቅዛል። ከስር ፖሊስተር ወይ ሱፍ ይሁን፣ ሰልባጅ ተራ ሄዳችሁ ከውስጥ የተሰፋችውን ጽሁፍ እያነበባችሁ ምረጡ። የላባ ጃኬት ካገኛችሁ በእጃችሁ ጨብጣችሁ ልቀቁት፣ ቶሎ ተመልሶ ከነፋ ደህና ነው፣ እንደተጨማደደ ከቀረ ላባው ሞቷል ተዉት። ጋቢ ያው የኛ ነው፣ እኔ ያለ ጋቢ አልወጣም፣ ግን እሱም ጥጥ ስለሆነ ቀን መንገድ ላይ አልለብሰውም፣ በወፍራም ፌስታል አስሬ ለማታ ብቻ አወጣዋለሁ። ለመኝታ የሚሆን አንድ ሙሉ ቅያሪና ካልሲ እንደዚሁ ደረቁን ይቀመጥ፣ ቀን የለበሳችሁት ደረቀ ብላችሁ እንዳትተኙበት፣ ላብ አለው።

ጫማ ላይ ብዙ አልልም፣ አዲስ ጫማ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ቢያንስ ሁለት ሶስት ሳምንት እንጦጦ ምናምን ሂዱበት። የእግር ጥፍራችሁን ደሞ ከመሄዳችሁ በፊት ቁረጡ፤ ከቧሂት ተራራ ስንወርድ አንዱ ጓደኛችን ጣቶቹ ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጩ ውለው ሁለቱ አውራ ጣቶቹ ጠቁረው ጥፍሮቹ ከወር በኋላ ወለቁ። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተረከዛችሁን ወደኋላ መትታችሁ ቁርጭምጭሚት ጋ ያለውን ክር ጠበቅ አርጋችሁ እሰሩት፣ እግር ወደፊት አይንሸራተትም።

ከፍታው፣ እኛ ደገኛ ነን ብላችሁ አትናቁት። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት፣ ካምፖቹ ሳንቃበር 3,250፣ ጨነቅ 3,620፣ የቧሂት ጫፍ ደሞ 4,430 ነው። ከ3,000 በላይ የምታድሩበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ነው የሚመከረው፣ ሳንቃበር ከዛ ግጭ ከዛ ጨነቅ እያላችሁ ካደራችሁ ደህና ትሄዳላችሁ። ራስ ምታትና ምግብ አልበላም ማለት ከመጣ እዛው እረፉ፣ ማስመለስ ወይ መንገዳገድ ከጨመረ ግን ሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው፣ እስኪነጋ እንይ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ።

ምግብ ላይ የሚገርመው ነገር ውሃው ግጭ ላይ 88 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ ክክና ምስር ሲንተከተክ ያመሻል፣ ጋዛችሁን ይጨርሳል። ሽሮ ያዙ። ከሁሉም በላይ ግን በሶ፤ ለቀኑ በማር በጥብጣችሁ ወይ ጭብጦ አርጋችሁ፣ ለማታ ደሞ በቅቤ የታሸ ጭኮ፣ በዛ ብርድ አይበላሽም፣ በልታችሁ ስትተኙ ሰውነት ውስጥ እሳት እንደማንደድ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው እኮ ለዚህ ነው። የምንጭ ውሃ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ አቆዩት። ማታ ትኩስ ውሃ በብረት ኮዳ ሞልታችሁ ካልሲ አልብሳችሁ እግራችሁ ጋ አስገቡት፣ ሃይላንድ ላይ እንዳትሞክሩ፣ ይኮማተርና ይፈስባችኋል። የጋዝ ቆርቆሮ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ ጎንደር በአየር የምትሄዱ ከሆነ እዛ ደርሳችሁ የምታገኙትን ምድጃ አስቡ። ስልክና የባትሪ ድንጋይ ብርድ ስለሚጨርሰው አብሯችሁ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይደር። ጨነቅ ላይ ደሞ ምግብ ውጪ አትተዉ፣ ቁራው ይወስደዋል።

ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ እንዴት ነው ብላችሁ እዛው ያለ ሰው ጠይቁ፣ ወቅታዊ ሁኔታውን ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ደባርቅ ፓርክ ጽህፈት ቤቱ ጋ ተመዝግባችሁ ስካውት ስትይዙ ምግብ ለራሳችሁ ብቻ አትግዙ፣ ለስካውቱና ለባለ በቅሎዎቹም ጨምሩ፣ አንድ እሳት ነው የምትከቡት። እኔ ከዛ ስመለስ ደባርቅ ገበያ አንድ ነጭ አጎዛ ገዝቼ ነበር፣ አሁንም አለ፣ ነገ ለጓደኞቼ ልሰጣቸው ነው። ለሶስት አይበቃም፣ ሁለቱን ግን ካርቶን ፈልጉ ብያቸዋለሁ።