እማዬ ያለ ድጋፍ የምትገባበት መኪና

ቅዳሜ ማታ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል፤ ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ገብታለች። የመኪናው ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አሁንም አሁንም አየዋለሁ። የ2017 (እ.ኤ.አ.) ቶዮታ ሲየና ቫን፣ 94 ሺህ ማይል የሄደ። ለሌላው አሮጌ ነው፣ ለእኛ አዲስ ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስን ሳይረሳኝ ልጻፈው።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ አንዲት ኮሮላ ተሸክማናለች። ባለፈው ክረምት ሦስተኛዋ ልጃችን ተወለደች። እማዬም አራስ ልትጠይቅ ከደሴ መጣች። ስድስት ሆንን። ኮሮላ አምስት ሰው ነው የምትይዘው፤ የሕፃን ወንበር ከኋላ ሲታሰር አምስቱም በግድ ነው።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ሁለት ጊዜ እመላለስ ነበር። መጀመሪያ እማዬንና ትልቋን ልጅ አደርሳለሁ፤ ተመልሼ ባለቤቴንና ሁለቱን ትንንሾች አመጣለሁ። እኛ ስንደርስ ቅዳሴው ተጋምሷል። አንድ እሑድ እማዬ ነጠላዋን አጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችና "እኔ ዛሬ ቤት ልዋል፣ እናንተ አብራችሁ ሂዱ" አለች። አሟት አልነበረም። እኔ ስመላለስ አይታ አዝናልኝ ነው። እሷ ደሴ እያለች ዝናብም ብርድም ከቅዳሴ አስቀርቷት አያውቅም። የዚያን ቀን ማታ መኪና ማየት ጀመርኩ።

ስለ ገንዘቡ መጀመሪያ ተነጋገርን። አሥራ ስድስት ሆነን በወር 500 ዶላር የምንጥለው ዕቁብ አለን። በግንቦት ለእኔ ወጣ፤ 8 ሺህ ዶላር። ኮሮላዋን አንሸጥም፤ ባለቤቴ ሥራ የምትሄደው በእሷ ነው። "ሃያ ሺህ" አለች ባለቤቴ። "ታክሱም፣ ታርጋውም፣ የወረቀቱም ሁሉ እዚያ ውስጥ። ከዚያ አንዲት ዶላር አታልፍም።" ወረቀት ላይ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ያቺ ወረቀት ከብዙ ነገር አዳነችን።

ምክር አላጣሁም። የዕቁብ ጓደኞቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበረው። አብዛኛው "ኤስዩቪ ግዛ፣ ቫን ምን ያደርግልሃል" የሚል ነው፤ ኤስዩቪ ማለት ከመሬት ከፍ ያለው ጂፕ መሰል መኪና ነው። አንዱ ወዳጄ "ቫን ሚኒባስ ነው፤ ሚኒባስ ለመንዳት ነው እንዴ አሜሪካ የመጣኸው?" አለኝ። አልከፋኝም። እሱ እዚህ ሲመጣ ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዳ ነው ቤተሰቡን ያመጣው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ትልቅ ጥቁር መኪና ማቆም ለእሱ የልፋቱ ምስክር ነው። ይገባኛል። እኔም ልቤ እዚያው ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሳይ የነበረው ኤስዩቪ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሄድንበት ዲለር 26 ሺህ ዶላር የሚሸጥ ኤስዩቪ አሳየን። ያምራል። ሻጩ ስለ ዋጋው ብዙ ማውራት አልፈለገም። "በወር ስንት ይመቻችኋል?" ነበር ጥያቄው። "ከ320 ብዙ ባይበልጥ" አልነው። ጥቂት ቆይቶ ቁጥር ይዞ መጣ፤ 8 ሺህ ከፍላችሁ፣ የቀረውን 18 ሺህ በ9 በመቶ ወለድ በወር 324 ዶላር። ደስ አለን። ባለቤቴ ግን "ለስንት ወር?" አለችው። ለ72 ወር። ስልኳን አውጥታ አባዛችው፤ 23 ሺህ ከ300 አለፈ። ወለዱ ብቻ ከ5,300 ዶላር በላይ ነው። ስድስት ዓመት። ታናሿ ልጃችን አንደኛ ክፍል እስክትገባ ስንከፍል ልንኖር ነው።

እኔ የተማርኩት ያን ቀን ነው። የወሩን ክፍያ ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው፤ ወሩን ማብዛት ነው። ሰው በወር ስንት እንደሚችል ከተናገረ በኋላ ዋጋውን የሚያስታውሰው የለም። በነጋታው ወደ አንድ ክሬዲት ዩኒየን (የአባላት ቁጠባና ብድር ማኅበር) ሄጄ ብድሩን አስቀድሜ ጠየቅኩ። 12 ሺህ በ7 በመቶ፣ ለ48 ወር፤ በወር 287 ዶላር። ወለዱ 1,800 ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ የትም ስንሄድ የብድሩ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነው። በወር ስንት እንደምንችል ለማንም አልነገርንም፤ የምናወራው ስለ ሙሉ ዋጋው ብቻ ሆነ።

አሁን ወደ እማዬ ልመለስ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይዣት ሄድኩ። እስከዚያ ድረስ አለማሰቤ ይቆጨኛል። መኪናው የሚገዛው ለእሷ ነው፣ እኔ ግን እሷ ሳታየውና ሳትሞክረው ስመርጥ ነበር። አንዱ ትልቅ ኤስዩቪ ጋ ቆምን። በሩን ከፈትኩላት። በግራ እጇ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ በቀኟ የበሩን እጀታ ያዘች፣ እግሯን አነሳች። አልደረሰም። እንደገና አነሳች። ጉልበቷ ሲታጠፍ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ እግሯን ቀስ አድርጋ መሬት መለሰችና "ይሄስ እርካብ ይፈልጋል ልጄ" አለች። ባለቤቴ ከኋላ ደግፋ "እማማ፣ ቀስ ይበሉ" እያለች አስገባቻት። ስትወርድ ደግሞ የባሰ ሆነ። ለእኔ ጎንበስ ብዬ የምዘለው ከፍታ ለእሷ ግድግዳ ነው።

ሜትር አልያዝኩም ነበር። በስንዝር ለካሁት። ያኛው ትልቁ ከመሬት እስከ ወለሉ ሦስት ስንዝር ሊሞላ ምንም አልቀረው። መካከለኛው ኤስዩቪ ሁለት ተኩል ይሆናል። አጠገቡ የቆመው ቫን ሁለት ነው። እማዬ ቫኑን አይታ ሳልነግራት ሄደች። በሩ ወደ ጎን ተንሸራተተ። አንድ እግር፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ተቀመጠች። ማንንም አልያዘችም። ቀሚሷን አስተካክላ "ይሄ ጥሩ ነው" አለችኝ። ኤስዩቪው ለእኔ ያን ጊዜ አለቀ።

ቫን መሆኑ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ሌላው ነገር ሁሉ እየተገለጠልኝ መጣ። ትልቅ ኤስዩቪ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛ ረድፍ ወንበር አለው፤ ችግሩ እዚያ መድረሱ ነው። ብዙዎቹ ላይ መካከለኛውን ወንበር አጥፈህ ነው ወደ ኋላ የምትገባው። መካከለኛው ላይ የሕፃን ወንበር ከታሰረ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዚያ በኩል አይታጠፍም። በየቀኑ ወይ ሕፃኗን ፈትቼ ወይ በሌላው በኩል እማዬን አስነስቼ ልጆቹን ላስገባ ነው ማለት ነው። ቫን ውስጥ በሁለቱ መካከለኛ ወንበሮች መሃል መተላለፊያ አለ። የአሥር ዓመቷ ልጄ ራሷን ዝቅ አድርጋ አልፋ ሄደች። የስድስት ዓመቱ ተከተላት። ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ወይም አራት ጫማ ከዘጠኝ ኢንች እስኪደርስ በልጅ ወንበር መቀመጥ አለበት፤ የእሱም ቡስተር (ልጁን ከፍ የሚያደርገው ወንበር) ከኋላ ያለ ጣጣ ገባ። ትንሿ ደግሞ ሁለት ዓመት እስኪሞላት ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ነው የምትሄደው፤ ያ ወንበር ትልቅ ነው፣ የፊተኛውን ወንበር ይገፋል። ቫኑ ውስጥ እኔም ጉልበቴ ዳሽቦርዱን ሳይነካ ነዳሁ።

ዕቃውስ? ይሄን ሰው አያስብበትም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሰው ሲቀመጥ ከኋላው ምን ቦታ ይቀራል? ከ2014 እስከ 2019 ሞዴል በሆነው ሃይላንደር፣ በቶዮታው ኤስዩቪ፣ ወደ 14 ኪዩቢክ ጫማ ነው። በዚያው ዘመን ሲየና 39። ልዩነቱ የሚመጣው ከኋላ ወለሉ ወደ ታች ጎድጎድ ስለሚል ነው። 14 ማለት የሕፃኑ ጋሪና ሁለት የገበያ ከረጢት ነው። እኛ ደግሞ አበሻ ነን። ክርስትና ሲኖር ድስቱ አለ፣ የእንጀራው ሞሰብ አለ፣ ድፎው አለ፣ ሁለት ካርቶን ለስላሳ አለ። ድፎ ዳቦ ደግሞ ሌላ ዕቃ አይደረብበትም። በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ለሚደረገው የኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር ወደ ሌላ ከተማ ብንሄድ የስድስት ሰው ሻንጣ የት ይገባል? ኮሮላ ብቻ እያለችን እኛ ቤት ይህ ጥያቄ እንኳ ተነስቶ አያውቅም፤ አንሄድማ።

ከቫኖቹ የትኛው የሚለው ያን ያህል አላስቸገረም። ክራይስለር ፓሲፊካ መካከለኛ ወንበሮቹ ወለል ውስጥ ታጥፈው ይጠፋሉ፤ ዕቃ ለሚያመላልስ ሰው ድንቅ ነው። እኛ ግን መካከለኛው ወንበር ባዶ የሚሆንበት ቀን የለንም። ሆንዳ ኦዲሲ ደስ ብሎኝ ነበር የነዳሁት፤ መሪው ቀላል ነው፣ ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። ያየነው ግን 92 ሺህ ማይል የሄደ ነው። የኦዲሲ ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ክፍሎች እኩል የሚያዞር ቀበቶ) አለው፤ ወደ 100 ሺህ ማይል ሲጠጋ ይቀየራል። ከሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። ያ ወጪ የእኛ ሊሆን ነው፣ ዋጋው ላይ ግን አልቀነሱልንም። የሲየናው ሞተር በካቴና ነው የሚሠራው፤ ካቴና እንደ ቺንጋ በየጊዜው አይቀየርም።

ከ2021 ወዲህ ሲየና ሁሉ ሃይብሪድ ነው፤ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ። የባለቤቴ ወንድም "ነዳጅ ይቆጥብልሃል" ብሎ ገፋፋኝ። እውነት ነው፤ በጋሎን 36 ማይል ይሄዳል፣ የ2017ቱ 22። ቁጭ ብዬ አሰብኩት። በዓመት 12 ሺህ ማይል ብንነዳ 212 ጋሎን ገደማ ይተርፈናል። ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ብናስበው ወደ 680 ዶላር። እኔ ያየኋቸው የ2021ዎቹ ግን ከ2017ቱ ቢያንስ በ12 ሺህ ዶላር ይወደዳሉ። በነዳጅ ብቻ ያን ለመመለስ ከ17 ዓመት በላይ ይፈጃል። ፍሪጁ ላይ ያለችው ወረቀትም አለች። ተውኩት። ዕድሜ ከሰጠን አንድ ቀን እንገዛው ይሆናል።

መጀመሪያ ያገኘነው ቫን ግን ይሄ አልነበረም። ሌላ ነበር፤ ብርማ ቀለም፣ ንጹሕ፣ የታሪክ ሪፖርቱም "አደጋ የለበትም" የሚል። ልንፈርም ስንል አንድ አበሻ መካኒክ እንዲያይልን አደረግን። 150 ዶላር ከፈልኩት። ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለ መኪና ስም ሲዞር የደህንነት ምርመራ ማለፍ አለበት፤ እሱ ግን ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ መብራቱን፣ መሪውን ነው የሚያየው። መኪናው ተጋጭቶ ተጠግኖ እንደሆነ አይነግርህም። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ቀጥታ ወደ ኋላ ሄደ። የኋላውን በር አነሳ። ስልኩን አብርቶ ማጠፊያው ላይ ያሉትን ቡሎኖች አሳየኝ። "ና እስቲ፣ ጠርዛቸውን እይ" አለኝ። ቀለማቸው ተላጥቷል፤ ቁልፍ ነክቷቸዋል። ምንጣፉን ገለጠው። ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ ሞገድ መስሏል፤ በመዶሻ ተመልሶ ነው። "ከኋላ ተመትቷል፣ ጥሩ ተደርጎም አልተሠራም" አለ። "እዚህ ጋ ማነው የሚቀመጠው?" ብሎ ጠየቀኝ። ልጆቼ ናቸው። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የዕቃው ቦታና የኋላው በር ብቻ ነው ያለው። እግሬ ተሳሰረ። ዲለሩን አመስግነን ሄድን።

ከአሥር ቀን በኋላ ይሄኛው ተገኘ። እሱ ራሱ መካኒኩ አየውና "ይሄን ውሰድ" አለኝ። ከዚያ በፊት ግን ሌሊት ተነስቼ አሥራ ሰባቱን የሻንሲ ቁጥርና ፊደል የመንግሥት የመኪና ደህንነት ድረ ገጽ ላይ አስገባሁ። በ2016 ቶዮታ ከ2011 እስከ 2016 ሞዴል የሆኑ 835 ሺህ ገደማ ሲየናዎችን በተንሸራታች በራቸው ምክንያት ለጥገና ጠርቶ ነበር፤ በሩ እየሄደ ሊከፈት ይችላል ተብሎ። የእኛ 2017 ስለሆነ እዚያ ውስጥ የለም። ቢሆንም የልጆቼ በር ነውና በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ያልተሠራ ጥሪ የለበትም። ያገለገለ መኪና ለምትገዙ ሁሉ ይቺን አድርጉ፤ ነጻ ናት፣ ሁለት ደቂቃ ነው የምትፈጀው።

ዋጋው 17,600 ነበር። 6 ነጥብ 5 በመቶው ታክስ፣ ስም ማዞሪያው፣ ታርጋው፣ የዲለሩ የወረቀት ክፍያ ተደምሮ 19,600 ገደማ ሆነ። ባለቤቴ ወረቀቷን ከፍሪጁ ላይ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። ለምን እንደማትጥላት አልጠየቅኳትም።

ዛሬ ከሰዓት አመጣሁት። ቦታ ደለደልን። እማዬ መካከለኛው ረድፍ፣ በቀኝ በኩል፤ ስትወርድ የእግረኛው መንገድ ላይ እንድትወርድ። ሕፃኗ አጠገቧ በግራ። ስታለቅስ እጇን ዘርግታ ትይዛታለች። ሁለቱ ትልልቆች ከኋላ። ትልቋ ልጄ ለአያቷ በሩ የሚዘጋበትን ቁልፍ አሳየቻት። እማዬ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። በሩ መዝጋት ሲጀምር ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ከዚያ እንደገና ከፈተችው። እንደገና ዘጋችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትከፍት ልጄ "አያቴ፣ አሁን ቻልሽበት" አለቻት።

ነጠላዋን አጥባ ሰቅላዋለች። ነገ ስንት ሰዓት እንደምንነሳ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው የምንወጣው፣ ሁላችንም አንድ ላይ።