ፍሪጅ ውስጥ ያለ ዛፍ

ከትናንት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ምክንያት የለውም። ነሐሴ ነው፤ የደሴው ተራራ ጦሳ ጉሙን እንደተከናነበ ዋለ። ማታ ደግሞ መብራት ሄደ። ሥጋው ሳይበላሽ ላውጣው ብዬ ፍሪጁን ከፈትኩ። በስልኬ መብራት ስዳብስ እጄ ያቺን የእርጎ ዕቃ ነካ።

እህቴ የላከችልኝ ሜፕል የሚባል ዛፍ ዘር እዚያች ዕቃ ውስጥ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል። እማዬ ሁለቴ ልትደፋው ስትል ለምኜ አስተርፌዋለሁ።

የወደድኩት ፎቶውን አይቼ ነው። ካናዳ ባንዲራ ላይ ያለውን ቅጠል እንዳታስቡ። የዚህኛው ቅጠል ሦስት ሦስት እየሆነ ነው የሚወጣው። አገሩ መካከለኛው ቻይና ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. ዊልሰን የሚባል ዕፅዋት ሰብሳቢ ወደ እንግሊዝ ወሰደው። ሰው የሚተክለው ለግንዱ ብሎ ነው። ቀረፋ የመሰለው ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት ይገሸለጥና ተጠቅልሎ እዚያው ይንጠለጠላል። ፀሐይ ከኋላው ስትመታው፣ በቃ፣ የሚነድ ነው የሚመስለው።

ጣጣው ዘሩ ላይ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ክንፍ አለው፤ አብዛኛው ግን ውስጡ ባዶ ነው። ፍሬ ያለውም ለወራት ብርድ ካልጠገበ አይነቃም፤ ሁለት ዓመት የሚያስጠብቅበት ጊዜ አለ። እኛ ደሴ በረደን ብለን ጋቢ እንደርባለን፤ ለሱ ይሄ ብርድ አይደለም። በረዶ ነው የለመደው። ስለዚህ ፍሪጅ። መብራት በጠፋ ቁጥር ክረምቱ አለፈ ብሎ ይሆን? ምን ዓይነት አገር ነው እያለ ይሆናል።

ባለፈው በረካው ላይ ፎቶውን ለእትዬ አሳየኋቸው።

«ኸረ ይሄ የጓሯችሁ ኮሶ ነው!»

«አይ እትዬ፣ የቻይና ዛፍ ነው።»

«እነሱም ኮሶ ይታያቸዋል እንዴ?»

ቡናው ትን አለኝ። በኋላ ወጥቼ በባትሪ አየሁት። ዝምድና የላቸውም፤ የኮሶው ቅጠል እንደ ላባ ግራና ቀኝ የተደረደረ ነው። ግንዱ ግን ቀላ ያለ ቡናማ፣ እየተላጠ። ዳሰስ ሳደርገው ቅርፊቱ እጄ ላይ ቀረ። ልጅ ሆኜ ጀርባዬን የማክበት ዛፍ እኮ ነው።

እትዬ ሊሄዱ ሲሉ «ለመሆኑ ኮሷችሁ ሴት ነው ወንድ?» አሉኝ። አበባዋ ቀላ የሚለው ሴቷ ናት፤ መድኃኒቱም ከሷ ነው። ሠላሳ ዓመት ሥሩ ኖሬ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም። ስለ ቻይናው ዘር ባዶነት ግን ብትጠይቁኝ እስኪነጋ አወራለሁ።