ሁለት ካርድ፣ አንድ «ጨጓራ»

ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ በአንድ ጠዋት ሁለት ካርድ ተከታትሎ ገባ። ሁለቱም ላይ የተጻፈው «ጨጓራ» ነው፤ ለሁለቱም የታዘዘው የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም።

የመጀመሪያው የባጃጅ ሹፌር ነው። «ጨጓራዬ ነው አቦ! ኤች ፓይሎሪ ተብዬ የ14 ቀኑን መድኃኒት ሁለቴ ጨርሻለሁ» አለ። የት እንደሚያቃጥለው አሳይ ሲባል፣ መዳፉን ከልቡ ሥር እስከ ጉሮሮው ሳበው። ጎምዛዛ ውሃ አፉ ድረስ ይመጣል፤ ጠዋት ድምፁ ይሻክራል፣ ደረቅ ሳል አለው። ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ ይቅማል፤ እራቱን ማታ 4 ሰዓት በልቶ ወዲያው ይተኛል። ይህ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ የሚመጣ ቃር ነው፤ ኤች ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ ማጥፋት አያስታግሰውም። ደግሞም ሁለቴም የተመረመረው በደም ነበር። የደሙ ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል፣ መዳንን የሚያረጋግጠው የሰገራው ነው፤ እሱም አንቲባዮቲክ ካለቀ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ 2 ሳምንት ሲሞላ። ኦሜፕራዞሉን ደግሞ የሚውጠው ሲያቃጥለው ብቻ ነበር፤ ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት፣ በየቀኑ ካልተወሰደ በደንብ አይሠራም። እራቱን ከመኝታው ቢያንስ ሦስት ሰዓት እንዲያስቀድም፣ ራስጌው ከፍ እንዲል ከአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ባለ 15 ሳንቲሜትር ብሎኬት በጎኑ እንዲያጋድም ተነገረው። ትራስ መደራረብ ሆድን አጥፎ ስለሚጫን ያብስበታል።

ሁለተኛዋ እናት ናቸው። ቃር የለባቸውም። ሕመሙን በአንዲት ጣት ይጠቁሙታል፣ ልባቸው ሥር፤ ሲርባቸው ይነሣል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይቀሰቅሳቸዋል፣ ቁራሽ ሲቀምሱ ይተዋቸዋል። የትንሹ አንጀት መግቢያ ቁስለት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። «እናቴ፣ ሌላ የሚወስዱት ኪኒን አለ?» ሲባሉ ከመቀነታቸው ፈተው ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ አወጡ፤ ለጉልበታቸው፣ በቀን ሁለት፣ ለሦስት ሳምንት። ይህ መድኃኒት ጨጓራን ከራሱ አሲድ የሚጠብቀውን ልባስ ያሳሳል። ካርዱ ላይ ጨርሶ ያልነበረው ግን የሰገራ ቀለም ነው። «እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው ልጄ፣ ያጣብቃል» አሉ አፍረው። ሰገራ የሚያጠቁር የብረት ኪኒን አይወስዱም። የዓይናቸው ቆብ ውስጡ ነጥቷል፤ የልብ ምታቸው በደቂቃ 118። ከውስጥ እየደሙ ነው። ዳይክሎፌናኩ ቆመ፣ ግሉኮስ ሳይሆን ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ተተከለ፣ አምቡላንስ ተጠራ።

አሁን በዚያ ክፍል «ጨጓራ» ብቻውን አይጻፍም፤ የት፣ መቼ፣ ምን ወደ አፍ ይመጣል፣ ሰገራው ምን ይመስላል፣ ምን ኪኒን ይወስዳል ተብሎ ይሞላል። ትንሽ ቀምሶ የሚጠግብ፣ የሚነፋ፣ ኢንዶስኮፒው (ጨጓራን በካሜራ ቱቦ የማየት ምርመራ) ንጹሕ የሆነ ሰውም ለብቻው ይያዛል። ዳገት ሲወጣ የሚመጣና ላብ የሚያጠምቅ «ቃር» ደግሞ ኦሜፕራዞል ሳይነካ በቀጥታ ወደ ልብ ምርመራ ይሄዳል።