በዛዊትን ሳልቆም ወጣሁ፦ የ14 ሳምንት የትንፋሽ ልምምዴ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በዛዊትን አንዴም ሳልቆም ሮጬ ወጣሁ። ባሕር ዳር ላይ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ያለውን ያን ዳገት የምታውቁ ይገባችኋል። ጥቅምት ላይ ሦስት ጊዜ እቆምበት ነበር። እግሬ ገና አቅም እያለው ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይልና እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እቀራለሁ። ቅዳሜ ግን አናቱ ላይ ካለው ቤተ መንግሥት አጠገብ ደርሼ ዓባይንና ጣናን ቁልቁል አየሁ። ደስታዬን የምነግረው ሰው አጠገቤ አልነበረም። ስለዚህ ለእናንተ ልጻፍ አልኩ።

አጀማመሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። አክስቴ ከውጭ ስትመጣ የትንፋሽ ማሠልጠኛ አመጣችልኝ። ጡጫ የምታህል ፕላስቲክ ናት፤ ውስጧ ሞላ አለ። አየር በአፋችሁ ስትስቡ ሞላው ይይዛችኋል። በቂ ጉልበት ካልሰጣችሁት ክዳኑ አይከፈትም። ስታስወጡ ግን ነጻ ነው። የተለመደው አሠራር ጠዋት 30፣ ማታ 30 ትንፋሽ ነው። ክብደቱ ሰውየው መሳብ ከሚችለው ከፍተኛ ጉልበት ግማሽ ያህል ይሁን ይባላል። እኔ መለኪያ ስለሌለኝ መሣሪያው ላይ ካሉት የክብደት ቁጥሮች 30ኛዋን ትንፋሽ በትግል የምጨርስበትን ያዝኩ። ቁጥር 2 ነበር።

ሳንባ በዚህ አያድግም፤ ማንም እንዳያታልላችሁ። የሚጠነክሩት ድያፍራም፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ እና በጎድን አጥንቶች መሃል ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ጠንክረን ስንሮጥ መተንፈስ ብቻውን ከምንጠቀመው ኦክስጅን 10 በመቶና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። እነዚህ ጡንቻዎች በጣም ሲደክሙ ወደ እግር የሚሄዱት ደም ስሮች ይጠባሉ። እግራችን የሚከብደው አንዳንዴ ከላይ በመጣ ጣጣ ነው ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ነው ልምምዱን ከልቤ የያዝኩት።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥር 5 ደረስኩ። ደረቴን ነፍቼ በዛዊት ሄድኩ። ምንም ለውጥ የለም! ያው ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ሌላ ሳምንት ጨመርኩ፤ አሁንም ያው። ይባስ ብሎ አንገቴ ጠዋት ጠዋት ይደርቅ ጀመር። አንድ ፊዚዮቴራፒ የተማረ ጓደኛዬ ስሠራ ቁጭ ብሎ አየኝ። «አንተ እኮ የምትስበው በአንገትህ ነው» አለኝ። መስታወት ፊት ቆምኩ። እውነቱን ነው፤ በየትንፋሹ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። ድያፍራሜ ተኝቷል፣ አንገቴ ሥራውን ይሠራል። የጨመርኩት ቁጥር ሁሉ የአንገቴ ነበር።

መጀመሪያ በጀርባዬ ተኝቼ አንድ ኪሎ ሽሮ በላስቲክ ሆዴ ላይ አስቀመጥኩ። ሽሮው ይነሳል፣ ይወርዳል። ተሳካልኝ ብዬ ስነሳ ትከሻዬም አብሮኝ ተነሳ። ለካ ሆድን ያለ አየርም መግፋት ይቻላል። ሆድ ስለተነፋ ብቻ ትንፋሽ ገብቷል ማለት አይደለም።

የረዳኝ የእናቴ መቀነት ነው። ከታችኛው የጎድን አጥንት ዙሪያ አሰርኩት፤ ጠበቅ ይላል፣ አያንቅም። ከዚያ ስስብ መቀነቱ በጎንና በጀርባ በኩል እንዲወጠር እሞክራለሁ። ፊት ለፊት ብቻ ከተወጠረ ሆዴን እየገፋሁ ነው። ጭራሽ ካልተወጠረ ትከሻዬ ይዞታል። እናቴ ስታየኝ «ምነው ልጄ፣ ሆድህን አመመህ?» ብላ ደነገጠች። ሳስረዳት መቀነቱን ራሷ አስተካክላ አሰረችልኝ። መሣሪያውን ወደ ቁጥር 2 መለስኩት። ወደ 5 ለመመለስ ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ይህኛው 5 ግን የጎኔ ነው፤ ዳገቱ ላይ የታየውም ይሄ ነው።

ስለ ሌሎች ዘዴዎች ከጠየቃችሁኝ፣ «ከፍታ ይፈጥራል» ተብሎ የሚሸጠውን ጭምብል አትግዙ። አየር መሳብን ያከብዳል እንጂ ከፍታ አይፈጥርም። እኛ ደግሞ ባሕር ዳር ላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው የምንኖረው! በቀጭን ስትሮ መሳብም ለመነሻ ያህል ነው። ቀስ ብላችሁ ከሳባችሁ ይቀላል፤ ሞላው ግን ቀስ ስላላችሁ አይለቅም።

ያጠፋሁትንም ልናገር። ልምምዱን ቶሎ ለመጨረስ ትንፋሹን ሳጣድፈው ሁለት ጊዜ ራሴን አዞረኝ። አሁን ካስወጣሁ በኋላ ትንሽ ቆም እላለሁ። የገና ሰሞን ሳምንቱን ሙሉ አልነካሁትም። ጉንፋን ይዞኝ ስሠራም ጆሮዬን አመመኝ፤ እናንተ እስኪለቃችሁ ጠብቁ። አስም ያለበት፣ ሳንባው አየር አፍስሶ የሚያውቅ፣ የጆሮ ታምቡሩ የተቀደደ ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይጀምር አደራ። ለውጡ ሁሉ ከመሣሪያው ነው ማለትም አልችልም፤ በሳምንት ሦስት ቀን መሮጤን አላቋረጥኩም።

የመጨረሻው ኩርባ ላይ አሁንም ትከሻዬ ይነሳል። ስቀመጥ የማደርገውን ስሮጥ እረሳዋለሁ። ለዚህ መፍትሔ ያገኘ ካለ በጣም እፈልገዋለሁ። እስከዚያው መቀነቱን አስሬ ልሮጥ አስቤያለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ድልድዩ ጋ ነኝ።