ደም ቅዳ፣ ደም መልስ

ዛሬ አናቶሚ ፈተና ላይ የሳትኩት አንድ ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ስር አርተሪ ነው ወይስ ቬይን? ቬይን አልኩ። አርተሪ ኦክስጅን የሞላበት ደም የሚወስድ፣ ቬይን ደግሞ የሌለበትን የሚወስድ ነው ብዬ ነበር ስሸመድድ የከረምኩት። ግን ይህ ወደ ሳንባ የሚሄደው፣ ፐልሞናሪ አርተሪ የሚባለው፣ የሚወስደው ኦክስጅኑ ያነሰ ደም ነው። አርተሪ የተባለው ከልብ ስለሚወጣ ነው፣ በቃ።

ማታ ይህንኑ ለታናሽ ወንድሜ ስነግረው፣ ቀና እንኳን ሳይል «ደም ቅዳ ነዋ» አለኝ። ዝም አልኩ። እኔም እኮ ልጅ ሆኜ ተምሬዋለሁ! ልብ እየቀዳ የሚልክበት ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ። ቡና ከጀበና ስንቀዳ የምንለው ያው ቃል ነው። ስሙ ውስጥ ስለ ኦክስጅን ምንም የለም፣ የሚናገረው ስለ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ነርሲንግ ከገባሁ ጀምሮ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው። ሱፒሪየር፣ ኢንፌሪየር፣ ፕሮክሲማል፣ ዲስታል፣ ከዚያ ደግሞ 206 አጥንት። ቃሉን እይዘዋለሁ፣ ነገሩ ግን አይገባኝም። ስለዚህ ዛሬ ሌላ ደብተር ጀመርኩ፤ በአንድ በኩል የመጽሐፉን ስም፣ በሌላው በኩል የቤታችንን። ቲቢያ፣ ቅልጥም። ፓቴላ፣ የጉልበት ሎሚ (በላቲን ትንሽ ሳህን ማለት ነው፣ እኛ ሎሚ መሰለን)። ፓንክሪያስ ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። ቆሽት! ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» የምንለው፣ ለካ ኢንሱሊን የሚያመነጨው ነው። ሐሞትም እንደዚሁ። የሚሠራው ጉበት ነው፣ ከረጢቱ ማጠራቀሚያው ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ልብ የሚለው ቃል ነው። ባለፈው ሰሞን እማዬ ከደረቷ አጥንት በታች እጇን አድርጋ «ልቤን ያቃጥለኛል» አለችኝ። እኔ ደነገጥኩ፣ በቃ ልቧን አመማት ብዬ። መቼ እንደሚብስባት ስጠይቃት ከበላች በኋላ፣ በተለይ ጋደም ስትል ነው። ጤና ጣቢያ ወስጃት ጨጓራ ነው ተባለች። የልብ ሕመምም እዚያው ቦታ ላይ ሊሰማ ስለሚችል በግምት ማለፍ አይቻልም፣ እሱን ተምሬያለሁ። ግን ነገ አንዲት እናት መጥታ «ልቤን» ስትለኝ፣ መጽሐፉን ብቻ ይዤ ምን ልላት ነው? ጎረቤታችንም ኩላሊቴን እያሉ የሚይዙት ወገባቸውን ነው፣ ከታች። ኩላሊት ግን ከዚያ ከፍ ይላል፣ ከጀርባ በኩል የመጨረሻዎቹ የጎድን አጥንቶች ጋ። የቀኙ ጉበት ስለሚጫነው ከግራው ትንሽ ዝቅ ይላል። ይህን የምነግራቸው እሳቸው በሚያውቁት ቃል መሆን አለበት፣ ቦታውንም በጣቴ እያሳየሁ።

እማዬ ደብተሩን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። «ታዲያ ጣፊያዬስ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

እጇን ያዝኩና በግራ ጎኗ፣ ከታች ባሉት የጎድን አጥንቶች ላይ አሳረፍኩት።